ሽማግሌው የቆመበት ደጃፍ

ዋናው ፕሮግራመር በማሽኖቹ መካከል በደረቱ ተደፍቶ ሲገኝ ማሽኖቹ ሥራቸውን አላቋረጡም ነበር። ያጓራሉ፣ አረንጓዴ ዓይናቸውን ያርገበግባሉ፣ ቀዝቃዛ አየር ይተነፍሳሉ። ብረት ምን ያውቃል! ጌታው እግሩ ሥር ወድቆ እሱ ሥራውን ይሠራል።

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች፣ በመስታወቱ በር አሻግራ ሁለት የጫማ ሶል አየች። መጀመሪያ ማሽን ሊጠግን የተኛ መስሏት «ጋሼ፣ እንዲህ ባለ ብርድ መሬት ላይ?» አለችው። ከዚያ ነው የጮኸችው።

እትዬ መርፌ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። የፖሊስ መርማሪ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ሌባውም ባልደረባውም የሚጠራት በዚህ ነው። ለጡረታዋ ሦስት ወር ቀርቷታል። ጉልበቷን ያማታል፤ ዓይኗን ግን ምንም አላገኘውም።

ቦታው ሁለት ክፍል ነው። ፊተኛው የሟቹ ጠባብ ቢሮ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር። የኋለኛው በመስታወት በር የተለየ የማሽን ክፍል ነው። ከበሩ አጠገብ፣ በቢሮው በኩል፣ ግድግዳው ላይ ቀይ እጀታ አለ። እሳት ሲነሳ ይሳባል፤ ሲሳብ የማሽኑ ክፍል እሳቱንም ሰውንም በሚያፍን ጋዝ ይሞላል። እጀታው ተስቦ፣ ከዚያም በጨርቅ ተወልውሏል። እሳት ግን አልነበረም።

«ደወል የለውም?» አለች እትዬ መርፌ።

«ነበረው» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ያለ ምክንያት እየጮኸ ሲያስቸግር ተነቀለ። የበሩም የውስጥ መክፈቻ ተሰብሯል። ከውስጥ አይከፈትም። ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም ካወቀ ማን አሠራው?»

«ማንም።»

ሐኪሙ ከሬሳው ላይ ቀና አለ። «ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ክፍሉ በረዶ ነው፤ ብርድ ሰዓቱን ያዛባል።»

እትዬ መርፌ ጎንበስ አለች። ከሟቹ ራስ አጠገብ አሥር ዲስኮች ተደርድረዋል። ዘጠኙ ላይ በጥቁር ቀለም ሰዓት ተጽፎባቸዋል። የመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ይላል፤ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ እየሄደ ዘጠነኛው ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። አሥረኛው ባዶ ነው። የመስታወቱ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የመዳፍ አሻራ ተደራርቧል። የሟቹ ነው። ሰውየው ቶሎ አልሞተም ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ተመልሳ መጣች። ያ መሥሪያ ቤት አርባ ሰው ይሠራበት ነበር፤ አሁን አራት ቀርተው አንዱ ሞቷል። የቀሩት አለቃው፣ ሠዓሊዋና የሥራውን ስህተት የሚፈልገው ፈታሹ ናቸው። የተባረሩት ሰዎች ወንበር እንደ ተዞረ ነው፤ ኩባያቸው ጠረጴዛው ላይ ደርቋል፤ አንዱ ሹራቡን ወንበሩ ላይ ጥሎ ሄዷል። ሰው የለበትም ለማለት ያስቸግራል፣ ሰው አለበት ለማለትም።

የሚሠሩት «ወንዝ ማዶ» የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ጨዋታ ይበሉት እንጂ መንደር ነው። ሰው ከያለበት በኮምፒውተሩ ይገባል፣ ቤት ይገዛል፣ አጥር ያጥራል፣ ከጎረቤቱ ያወራል። አሥራ አንድ ዓመት ኖረበት። ሲሸጥ «ለዘላለም የእርስዎ» ተብሎ ነበር። ዘላለሙ በዚያው ቀን በስድስት ሰዓት ሊያልቅ ነው። ማሽኖቹ እዚህ ይሁኑ እንጂ የመግቢያውን ፈቃድ የሚሰጠው ጨዋታውን ለገበያ ያወጣው ሩቅ ያለ ትልቅ አሳታሚ ነው፤ እሱ ሊዘጋው ወስኗል። እትዬ መርፌ «የግድያ ምርመራ ላይ ነን፣ ቆዩ» ብላ ጻፈችላቸው። «ሐዘንዎን እንጋራለን፤ መርሐ ግብሩ አይቀየርም» የሚል መልስ መጣላት።

ሌላም ጉድ ነበር። ሟቹ በመንደሩ ውስጥ ነጭ ካባ የለበሰ ሽማግሌ ነው። ከእሱ ኮምፒውተር በቀር ከየትም አይገባም። በዚያ በሞተበት ቀን ሽማግሌው ታይቷል። አንዱ ተጫዋች ቀርጾታል፤ እትዬ መርፌ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየችው።

ሰዓቱ ሰባት ከሃምሳ ይላል። ሽማግሌው በጉድጓዱ በኩል ብቅ ይላል። ፋኖስ የያዙ ሰዎች ይከብቡታል። «ሽማግሌው መጣ! ኧረ አባባ! ልንሰናበትህ ነው!» እያሉ ይጽፉለታል። እሱ አንድ ቃል አይመልስም። በአጥሩ ጥግ እንደ ዓይነ ስውር ተጠግቶ ይሄዳል፤ እያንዳንዱን ግድግዳ ይነካል፣ ማዕዘኑን በደረቱ ሁለት ጊዜ ይገፋል፣ ደፍ ባገኘ ቁጥር ይዘላል። «ቤቶቻችንን እየዳሰሰ ሊሰናበተን ነው» ብላ አንዷ ጻፈች፤ ብዙዎች አለቀሱ። መንደሩ ዳር ካለው መጨረሻ ቤት፣ ሰማያዊ በር ፊት ሲደርስ ቆመ። በሩን ገፋ። አልተከፈተም። ደግሞ ገፋ። እስከ ስምንት ሰዓት ከሃያ ድረስ፣ ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ እያየው፣ አንድ በር ሲገፋ ቆይቶ ጠፋ።

እንግዲህ ሽማግሌው እስከ ስምንት ከሃያ ከታየ ሰውየውም እስከዚያ በሕይወት ነበር፤ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም እንዲህ አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምስክር ያጣው አለቃው ነበር።

አለቃው አርባ ዓመት አይሞላውም፤ ከንፈሩን እየላሰ ይናገራል።

«ለዘላለም ብላችሁ ሸጣችሁ በአሥራ አንድ ዓመት ትዘጋላችሁ?» አለችው።

«እትዬ፣ ከታች በትንሹ ተጽፏል። ‹አገልግሎቱ እስካለ ድረስ› ይላል።»

«ማን አነበበው?»

«ማንም አያነበውም።»

«እንዳይነበብ አይደል ትንሽ የተደረገው! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ የሸጣችሁት እሱን ነው። ሟቹ ምን አለህ?»

«ጋሼ ራሱ አስቸገረኝ። ያለ አሳታሚው ፈቃድ የሚከፈት መንደር ሠርቶ ለተጫዋቾቹ በዲስክ ሊሰጥ ነበር። ‹ገዝተውታል፣ የእነሱ ነው› ይላል። ትናንት ጠዋት ደረስኩበት። አሳታሚው ቢሰማ እኔ እታሰር ነበር።»

«አሁንስ ልትታሰር አይደለም?» አለችው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የት ነበርክ?»

«ከሰባት እስከ ስምንት ተኩል ከሠዓሊዋ ጋር ስብሰባ ክፍል ነበርን። ማለት... ስትሰድበኝ ነበር። ከዚያ ቢሮዬ ገባሁ። ብቻዬን።»

«የማሽኑ ክፍል በርስ?»

«ፈታሹ ስለ በሩ አራት ጊዜ ጽፎልኛል። በኋላ ይሠራል አልኩ። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር በኋላ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ከዚህ ነገራችሁ አንዱንም አላውቅም» አለች። «እስቲ በኮምፒውተሩ መንደሩ ውስጥ ግባና ከወንዙ እስከ ጉድጓዱ ሄደህ አሳየኝ።»

አለቃው መንገዱን መሃል ለመሃል ሮጠ፤ ሁለት ሰው ገጭቶ፣ ቤት አንድም ሳያይ ደረሰ።

ሠዓሊዋ ቁጡ ናት፤ ጣቷ በቀለም የተበላሸ። ሳትጠየቅ ጀመረች።

«እሱ ነው የገደለው! ሌላ ማን አለ? ለአዲሱ ጨዋታ ልጆች ውስጡን የማያውቁት ሣጥን ሳዪ ይለኛል። ከፍለው ይከፍቱታል፣ ምንም የለም፣ ደግመው ይከፍላሉ። ሳጥኑ ሲከፈት የሚያብረቀርቀውን እኔ ነኝ የምስለው። ቁማር አልስልም አልኩት። እስከ ስምንት ተኩል ድረስ ተጯጯህን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እዚሁ ወንበሬ ላይ። የጽዳቷ እህታችን ስትገባ ስትወጣ አይታኛለች።»

«ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ቁጣዋ ወረደ። «አሥራ አንድ ዓመት ማንም ሰላም ብሎት ሳይመልስ አያልፍም። ተጫዋቾቹን በቅጽል ስማቸው ያውቃቸዋል። ድሮ ሽማግሌው ሁሉን ቤት የሚከፍት ቁልፍ ነበረው። አምና በገዛ እጁ ሰረዘው። ‹ሻጭ ቤቱን በገዛው ሰው ጓዳ ምን አገባው?› አለኝ። አሁን ቤት የሚከፈተው ለባለቤቱና ባለቤቱ ለፈቀደለት ብቻ ነው።»

«ቁልፉ መሰረዙን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። ተጫዋች እንዳያላግጥበት ለማንም አልተናገርንም።»

እሷም ከወንዙ እስከ ጉድጓዱ ሄደች። ጣሪያው ሁሉ የእጇ ሥራ ነውና በየደጁ እየቆመች፣ አንጋጣ እያየች፣ አምስት ደቂቃ ፈጀች።

ፈታሹ መጨረሻ ገባ። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ዓይኑ ግን እንቅልፍ ያላየ። ሥራው ሌሎቹ የሠሩት ውስጥ ገብቶ ስህተት መፈለግ ነው።

«እኔ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ታች አዳራሽ ነበርኩ» አለ። «ቤታችንን አትዝጉ ብለው የመጡ አርባ ተጫዋቾች ነበሩ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳነጋግራቸው ቆየሁ። አለቃው ፊታቸውን ማየት አልደፈረም።»

«አንተስ ሲዘጋ ምን ተሰማህ?»

ፈታሹ እጁን አየ። «ልጄ እዚያ ቤት አላት። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ዳር ያለችው፣ ሰማያዊ በር። ዛሬ በስድስት ሰዓት ሁለተኛ ትሞታለች።»

«ቤቷ ገብተህ ታውቃለህ?»

«ተጣልተን ነበር። ደጄ ድርሽ እንዳትል አለችኝ። ከሞተች ወዲህ በየቀኑ ደጃፏ ድረስ እሄዳለሁ። በሩን ነክቼው አላውቅም። በምን ፊቴ?»

«ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው። ከዚያም እንደ ሌሎቹ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ፈታሹ ማውዙን ያዘ። የእሱ ሰውዬ በአጥሩ ጥግ ተጠግቶ ሄደ፣ ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ ገፋ፣ ደፉን ዘለለ።

«ቀስ በል፣ አጥሩን ልትነቅለው ነው» አለችው።

ፈታሹ ፈገግ አለ። ከመጣች ጀምሮ በዚያ ቤት የፈገገ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አለቃው፣ ሠዓሊዋ፣ ፈታሹ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ በሩ ላይ ሁለት ፖሊስ። ትልቁ ስክሪን በርቷል። መንደሩ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ፋኖስ ይዞ በየቤቱ ደጃፍ ቆሟል። ማንም አይናገርም።

«አለቃውን ልታስሪ ነው?» አለች ሠዓሊዋ።

«አፍሽን ያዢ፣ ልጄ፤ ቀስ እያልን እንሄዳለን» አለች እትዬ መርፌ። «ሟቹ ዘጠኝ ዲስክ ሞልቷል። በየግማሽ ሰዓቱ፣ ምሳ እንኳ ሳይበላ። አሥረኛው ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ማለቅ ነበረበት፤ አልተነካም። ሊዘጋበት አንድ ቀን የቀረው ሰው፣ ሥራውን ጥሎ በመንደር ሽርሽር ይወጣል?»

«ሊሰናበት ነዋ» አለ አለቃው።

«እሺ ይሰናበት። አሥራ አንድ ዓመት የሁሉን ሰላምታ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ በስንብቱ ቀን አንድ ‹ደህና ሁኑ› ያጣል? ቪዲዮውን አይታችኋል። ሽማግሌው አፍ የለውም። ለምን? ቅጽል ስማቸውን የማያውቅ ሰው ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ቢናገር ይታወቅበታል።»

ሠዓሊዋ ወንበሯ ላይ ቀና አለች።

«ቀጥሎ። ሽማግሌው አንድ በር ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲገፋ ነበር። ሟቹ ግን ቁልፉን አምና ሰርዞታል። እንደማይከፈትለት የሚያውቅ ሰው ያን ያህል አይገፋም። የሚገፋው የሽማግሌው ቁልፍ ሁሉን ይከፍታል ብሎ ያመነ ነው። ስለዚህ ይህቺ ልጅ አይደለችም፤ እሷ መሰረዙን ታውቃለች። አለቃው ደግሞ በዚያ ሰዓት ከእሷ ጋር ተናንቆ ነበር። ሽማግሌው ሲዞር ዋናው ፕሮግራመር ከአንቀሳቃሹ ጀርባ በመስታወቱ ማዶ ሞቷል ወይም እየሞተ ነው። የሞተው ከስምንት ተኩል በፊት ከሆነ፣ ከስምንት ተኩል በኋላ አዳራሽ መቀመጥ ለማንም መከታ አይሆንም።»

እትዬ መርፌ ወደ ፈታሹ ዞረች።

«ዛሬ ጠዋት ሦስታችሁንም መንገድ አስሄድኋችሁ። አለቃው እንደ ደላላ ሮጠ። ሠዓሊዋ ጣሪያዋን አየች። አንተ ግን ወንድሜ፣ አጥር ለአጥር ሄድክ፣ ማዕዘን ገፋህ፣ ደፍ ዘለልክ። የግድግዳ ቀዳዳ ፍለጋ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት የበላህበት ሥራ። ሰዎቹ ቤታቸውን የዳሰሰላቸው መስሏቸው አለቀሱ። ማንም የዳሰሰላቸው የለም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። እጅህ ራስህን ከዳህ።»

ፈታሹ አልካደም። የያዘው እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ድምፅ አላሰማም።

«ቁልፉን ለአንድ ደቂቃ ስጠኝ አልኩት» አለ። «የልጄን ቤት ሳይጠፋ ልየው። ‹ለእናቷም አልሰጥም፤ ሂድና እንደ ሰው በሯን አንኳኳ› አለኝ። የሞተች ልጅ በር አንኳኳ ይለኛል! ሳቀብኝ መሰለኝ። ዲስኩን ሊቀይር ወደ ውስጥ ገባ። በሩን ገፋሁበት። እጀታውን ሳብኩት።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ኮምፒውተሩ ክፍት ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። መስታወቱን ይደበድባል፣ እኔ መንደሩ ውስጥ እሄዳለሁ። ዞሬ አላየሁም። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ መደብደቡ ቆመ። ‹ሽማግሌው መጣ› እያሉ ይጽፋሉ። ሌሊቱን ሁሉ ያ ድብደባ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ገና አሁንም። በሩ ደግሞ አልተከፈተም፣ እትዬ። ሰው ገድዬ እንኳ አልተከፈተልኝም።»

«አልሳቀብህም» አለች እትዬ መርፌ። ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «ንገሪው፣ ልጄ።»

ሠዓሊዋ ፈታሹን ሳታይ ተናገረች። «ጠዋት ከእትዬ ጋር በዳኛ ትእዛዝ የበሩን መዝገብ አየን። ልጅህ ቤቷ እንዲገባ የፈቀደችለት አንድ ሰው ብቻ ነው። አንተ ነህ። ከመሞቷ ሳምንት በፊት ነው የጻፈችው። ጋሼ የሰው መዝገብ አያይም ነበር፤ ግን ያልሞከርከው በር እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። አንኳኳ ያለህ ለዚያ ነው።»

ግድግዳ ሁሉ ሲገፋ የኖረ ሰው የልጁን በር በራሱ ስም አንድ ቀን አልገፋም። ኩራት ይሉታል፣ ይሉኝታ ይሉታል፤ እኔ ሞኝነት እለዋለሁ።

ከስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ጎደለ። እትዬ መርፌ ኪቦርዱንና ማውዙን ገፋ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«በራስህ ስም ግባ» አለችው።

«ለእኔ ይገባኛል?»

«አይገባህም። ቤቱ ግን የእኔ አይደለም፣ ልከለክልህ አልችልም።»

ፖሊሶቹ ተያዩ። በስክሪኑ ላይ የፈታሹ ሰውዬ በፋኖሶቹ መሃል በቀጥታ ሄደ፤ አንድም አጥር አልነካም። ሰማያዊው በር ጋ ቆመ። ነካው። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ፤ ከውስጡ ብርሃን ወጣ።

«ሁላችሁም ፊታችሁን አዙሩ» አለች እትዬ መርፌ፤ ራሷም ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስድስት ሰዎች ነጭ ግድግዳ እያዩ ቆዩ። ከኋላቸው የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ሰውየው በጣም በትንሹ ሲስቅ ሰሙት፤ ወይም ሲያለቅስ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የግድግዳው ቀለም ጨለም አለ፤ የስክሪኑ ብርሃን ጠፋ። ማንም ቶሎ ብሎ አልዞረም።